ምዕራፍ ሰባት፦ የሽሮዲንገር ድመት ፒያሳ ብትቀጠር

ሞባይል ስልክ በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት ቀጠሮ አንዴ ከአፍ ከወጣ መልሶ መሰብሰብ አይቻልም ነበር። «ማህሙድ ጋ ጠብቂኝ» ካላት በቃ፣ አለቀ። ድምፃዊው ማህሙድ አህመድ ፒያሳ ላይ የከፈተው ሙዚቃ ቤት የፍቅረኛሞች መገናኛ ነበር። ልጁ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ጫማውን ሊስትሮ አስጠርጎ በሩ አጠገብ ይገተራል። ልጅቷ ትምጣ ትቅር የሚነግረው የለም። «መንገድ ላይ ነኝ» የሚል ቴክስት የለ፣ «ታክሲ አጣሁ» የለ። ከ10 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል ድረስ ከመጣችም ከቀረችም ልጅ ጋር ብቻውን ይቆማል።

ዛሬ ለዚህ ሁኔታ ዘመናዊ አነጋገር ተገኝቶለታል። «ለመሆኑ እኛ ምንድን ነን?» ተብሎ በቴሌግራም የተጠየቀ አራዳ ልጅ «ሱፐርፖዚሽን ላይ ነን» ብሎ ይመልሳል። «የሽሮዲንገር ድመት በያት፤ ሳጥኑን ካልከፈትነው አለንም፣ የለንምም።» ጓደኞቹ ይስቃሉ፣ ልጅቷ ሲን አድርጋ ዝም ትላለች፣ በመሃል የፊዚክስ ስም ይጠፋል። በዚህ ምዕራፍ የፊዚክስን ስም ላስመልስ ነው፤ ሁለቱን ማስታረቅ የእኔ ሥራ አይደለም። ግን ከወዲሁ ልናገር፦ ኳንተም ፊዚክስ በዚህ ክርክር ለልጅቷ ይመሰክራል፤ ነገሩ ፒያሳ ላይ ሲሆን ደግሞ አጥብቆ ይመሰክራል።

በቅድሚያ ድመቷ። ኤርቪን ሽሮዲንገር የተባለው የቪየና ሰው (ስሙ በሽሮ ይጀምር እንጂ ጾመኛ አልነበረም፤ ኋላ እንደርስበታለን) እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመው ጽሑፍ እንዲህ የሚል ነገር አሰበ። አንዲት ድመት ብረት ሳጥን ውስጥ ትዘጋለች። አብሯት ጨረር አመንጪ ቁስ በጣም በጥቂቱ ይቀመጣል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአቶሞቹ አንዱ ሊፈርስ ይችላል፣ ላይፈርስም ይችላል፣ ዕድሉ እኩል ነው። ከፈረሰ ጨረር ቆጣሪው ይነቃል፣ መዶሻው ይወድቃል፣ የመርዙ ጠርሙስ ይሰበራል፣ ድመቷ ትሞታለች። የኳንተም ሒሳብ እንደወረደ ከተነበበ ሳጥኑ እስኪከፈት ድረስ አቶሙ የፈረሰም ያልፈረሰም ነው፤ ድመቷም የሞተችም ያልሞተችም ልትባል ነው። ሽሮዲንገር ይህን ሲጽፍ «ተአምር እዩ» ማለቱ አልነበረም። ሒሳቡን እንዲህ ከሚያነቡት ከኮፐንሃገን የፊዚክስ ሰዎች ጋር ክርክር ይዞ ነበርና «ሒሳባችሁን ካመናችሁ የምትደርሱት እዚህ ቅዠት ላይ ነው» ለማለት ያመጣት ማሽሟጠጫ ናት። ድመቷን ለቁርጠኝነት ማጣቱ ማስረጃ አድርጎ የሚጠቅስ ሰው እንግዲህ ሽሙጡን እንደ ምስክር ቃል የወሰደ ሰው ነው።

ድመቷ የታተመችው በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 1928 ዓ.ም. ነው፤ የፋሺስት ጦር ወሰን ጥሶ ከገባ ሁለት ወር ገደማ ሆኖታል። አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ የአራዳን ገበያ አንሥቶ ወደ መርካቶ አወረደው፣ ለአሮጌው ሰፈርም ፒያሳ የሚለውን ስም ትቶለት ሄደ። የድመቷ ጽሑፍና የፒያሳ ስም የአንድ ሰሞን ልጆች ናቸው፤ ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል፣ ለፊዚክሱ ግን ምንም አይፈይድም።

አሁን ወደ ዋናው ስህተት። ልጅቷ ከአራት ኪሎ ታክሲ ይዛ እየመጣች ከሆነ እየመጣች ነው። ልጁ አላወቀም፤ አለማወቁ የእሱ ጉድለት ነው እንጂ የልጅቷ ባሕርይ አይደለም። እሷ የታክሲው የኋላ ወንበር ላይ ተጣባ ተቀምጣ ረዳቱን መልስ እየጠየቀች ነው። ይህ ተራ የመረጃ እጥረት ነው፣ በሁለት ብር ስልክ ይፈታል። ሱፐርፖዚሽን ሌላ ነገር ነው።

ከአራት ኪሎ ጊዮርጊስ የሚያደርሱ ሁለት መንገዶች ብቻ አሉ እንበል፦ አንዱ ቁልቁል በራስ መኮንን ድልድይ፣ ሌላው ወደ ስድስት ኪሎ ዞሮ በአፍንጮ በር። አሁን በሰው ፈንታ ኤሌክትሮን እንላክ፣ አንድ በአንድ፣ አንዱ ሳይደርስ ሌላው ሳይነሣ። ድልድዩ ብቻ ክፍት በሆነ ጊዜ ጊዮርጊስ ግቢ አጠገብ አንዲት ቦታ ላይ ጥቂት ኤሌክትሮኖች ይደርሳሉ። አፍንጮ በር ብቻ ሲከፈትም እዚያችው ቦታ ላይ ጥቂት ይደርሳሉ። ሁለቱም ሲከፈቱ የምንጠብቀው ድምሩን ነው። የሚሆነው ግን ሌላ ነው፤ እዚያች ቦታ ላይ አንድም አይደርስም! መንገድ ጨምረን መንገደኛ ጠፋ። እያንዳንዱ ኤሌክትሮን አንዱን መንገድ ብቻ መርጦ ቢሆን ኖሮ ይህ ሊሆን አይችልም ነበር። በሁለቱም መንገድ እንደ ሞገድ አልፎ፣ ከራሱ ጋር ተገናኝቶ፣ እዚያች ቦታ ላይ ራሱን አጥፍቷል፤ ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ ራሱን አበርትቷል። የጃፓኑ አኪራ ቶኖሙራና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1989 ኤሌክትሮኖችን አንድ በአንድ እየለቀቁ ይህንኑ አሳይተዋል፤ ነጥብ በነጥብ ሲጠራቀም መጨረሻ ላይ ጥቁርና ነጭ ዥንጉርጉር መስመር ይወጣል።

ሱፐርፖዚሽን ማለት ይህ ድርርብ ሁኔታ ነው። እንግዲህ «ሱፐርፖዚሽን ላይ ነን» የሚል ሰው መስመሩን ያሳየን። ሁለቱም በሮች ተከፍተውለት በአንዱ ብቻ ሊያገኘው ይችል የነበረውን ነገር ያጣበትን ስፍራ ያሳየን። (አንዳንዱ ሁለት ፍቅረኛ ይዞ ሁለቱንም እንዳጣ አውቃለሁ፤ እሱን ግን ለማስረዳት የሞገድ ሒሳብ አያስፈልግም።)

ለሽሮዲንገር ሽሙጥ የሚሆን ምላሽ ከፊዚክስ ውስጥ የመጣው ዘግይቶ ነው። ድመቷ ለምን በእውነተኛው ዓለም የሞተችም ያልሞተችም ሆና አትታይም? ጀርመናዊው ዲተር ዜህ እ.ኤ.አ. በ1970፣ ከዚያም በ1980ዎቹ ፖላንድ ተወልዶ አሜሪካ የሠራው ቮይቼክ ዙሬክ የሰጡት መልስ ዲኮሂረንስ ይባላል። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው፦ ድርርቡ ሁኔታ የሚቆየው ከአካባቢው ጋር እስካልተነካካ ድረስ ብቻ ነው። አንዲት የአየር ሞለኪውል ገጭታው ብትሄድ፣ አንዲት የብርሃን ቅንጣት ነጥራበት ብታልፍ፣ በየት እንዳለፈ የሚናገር መረጃ ይዛ ሄዳለች። ከዚያ ወዲያ ዥንጉርጉሩ መስመር ይጠፋል። ተመልካች የግድ ሰው መሆን የለበትም፣ ንቃተ ኅሊና አያስፈልገውም፣ ማየቱን እንኳ ማወቅ የለበትም። «ዓለም የሚኖረው አንተ ስታየው ነው» እያሉ የሚሰብኩ መጻሕፍት አሉ፤ በገበያ ላይ ደህና ይሸጣሉ፣ ዲኮሂረንስን ግን አላነበቡም።

ለዚህ ነው ድርርብ ሁኔታን ጠብቆ ማቆየት እጅግ ውድ ሥራ የሆነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ቪየና ውስጥ፣ በሽሮዲንገር በራሱ ከተማ፣ 60 የካርቦን አቶም ያለበትን ሞለኪውል በብዙ ቀዳዳ በአንድ ጊዜ አሳለፉት። ታላቅ ድል ነበር። ሞለኪውሉ ግን የሄደው አየሩ ሙሉ በሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ በተመጠጠ ቱቦ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 እዚያው ከተማ ወደ 2,000 አቶም የሚጠጋ ሞለኪውል ደረሱ። ከዚያ እስከ ድመት፣ ከድመት እስከ ጎረምሳ ያለውን ርቀት አስሉት።

እስቲ ፒያሳን እንደ ላቦራቶሪ እንመልከታት። ሁለት ወጣቶች «ገና ምንም አልሆንንም፣ ማንም እንዳያውቅ» ብለው ተስማምተው ከጊዮርጊስ ወደ ሲኒማ ኢትዮጵያ ቁልቁል ሲሄዱ ማን ያያቸዋል? ሊስትሮው ያያቸዋል፤ ሊስትሮ ቀና ብሎ ፊት አይቶ አያውቅም፣ ጫማ አይቶ ግን ይጨርሳል፤ የልጁ ጫማ ካለፈው ሳምንት ይልቅ ዛሬ በጣም እንዳበራ፣ አጠገቡም ባለ ተረከዝ ጫማ በእኩል ርምጃ እንደሚሄድ አይቷል። ሎተሪ አዟሪው «ለእሷ አንድ ቁረጥላት» ብሏል። ጀበና ቡና የምታፈላው ሴት ሁለት ስኒ ስትቀዳ የማን ስኳር ሁለት ማንኪያ እንደሆነ ይዛለች። ቀኑ 23 ከሆነማ ጉድ ፈላ፦ ጊዮርጊስን ለመሳለም የመጣች ነጠላ ያጣፋች አክስት አትጠፋም፣ «ውይ፣ አንቺ ልጅ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? እናትሽ ደህና ናት?» ብላ ልጁን ከእግር እስከ ራሱ ለክታው ትሄዳለች። ማታ ላይ መረጃው ሠራተኛ ሰፈር ደርሷል። ማንም ክፉ አላሰበም፣ ማንም አልሰለለም። ሞለኪውሎቹም አይሰልሉም።

የፒያሳ ፍቅረኞች ይህን ያለ ዜህና ያለ ዙሬክ ያውቁት ነበር። ቫኪዩም ይፈልጉ ነበርና። ሲኒማ አምፒርና ሲኒማ ኢትዮጵያ መብራት ሲያጠፉ የከተማው ቫኪዩም ቱቦ እነሱ ነበሩ፤ ፊልሙ የህንድ ይሁን የካራቴ ግድ የማይሰጠው ተመልካች ከኋላ ወንበሮች ላይ አይጠፋም ነበር። ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ ግን ሒሳቡ ያው ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ላቦራቶሪው ራሱ ተለውጧል። በኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያ ፈርሷል፤ ለዘመናት አንዱ የሌላውን ልጅ ሲያይ የኖረው ነዋሪ ገላን ጉራን ወደመሳሰሉ የከተማ ዳርቻዎች ሄዷል። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ መብራትና አግዳሚ ወንበር ተተክቷል። የዛሬ ጥንዶች ከማያውቋቸው ሰዎች መሃል ተቀምጠው ሰልፊ ይነሳሉ። ምናልባት «ሱፐርፖዚሽን ላይ ነን» የሚለው ቀልድ አሁን የበዛው አክስቶቹ ራቅ ብለው ስለሄዱ ይሆናል፤ ይህ የእኔ ግምት ነው፣ የፊዚክስ ሕግ አይደለም። ካሜራዎቹ ግን ከአክስቶቹ ይበዛሉ።

ሌላው በቀጠሮ ጉዳይ የሚጠቀስ የፊዚክስ ሰው ሃይዘንበርግ ነው፤ እሱ ላይ ብዙ አልቆይም። እ.ኤ.አ. በ1927 ያወጣው የኢርግጠኝነት መርህ የአንድን ነገር ቦታና ግስጋሴ በአንድ ጊዜ በፍጹም ልክ ማወቅ አይቻልም ይላል። ቴሌግራም «በቅርቡ ታይቷል» ብሎ ሲያስቀር የሚጠቅሱት እሱን ነው፤ የሁለት ሰዓት መዘግየትም በእሱ ይሳበባል። እስቲ እናስላው። 60 ኪሎ የምትመዝን ልጅ የቆመችበት ቦታ በ1 ሚሊ ሜትር ልክ ይታወቅ። መርሁ በፍጥነቷ ላይ የሚያስገድደው አለመታወቅ እጅግ ከማነሱ የተነሣ፣ ፍጥረተ ዓለሙ ከጀመረበት ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት አንሥቶ በዚያ ፍጥነት ብትንሸራተት እስከ ዛሬ የአንዲት ፕሮቶንን ስፋት ሩብ አትሞላም። ስለዚህ ከአራት ኪሎ ፒያሳ ሁለት ሰዓት የፈጀበት ሰው ምክንያቱን ከሃይዘንበርግ ሳይሆን ከአልጋው ይፈልግ። በአዲስ አበባ ቀጠሮን በእውነት የሚያበላሸው አለመታወቅ «10 ሰዓት» ሲባል በሐበሻ ይሁን በፈረንጅ አለመናገር ነው፤ ከአሜሪካ ለእረፍት የመጣ ልጅ ጠዋት በ4 ሰዓት መጥቶ «ቀረችብኝ» ብሎ የሄደበት ቀጠሮ ስንት ነው!

በየአምስት ደቂቃው «የት ደረሽ?» ለሚለው ደግሞ ሚስራና ሱዳርሻን እ.ኤ.አ. በ1977 ስም ያወጡለት የዜኖ ክስተት አለለት። ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ ሊሸጋገር የጀመረ የኳንተም ሥርዓት ቶሎ ቶሎ ከተለካ ባለበት ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1990 ኮሎራዶ ውስጥ 5,000 ያህል የቤሪሊየም አየኖችን ቶሎ ቶሎ በመለካት ሽግግራቸው ሲታገድ ታይቷል። «ሰርጉ መቼ ነው?» እያሉ በየበዓሉ የሚጠይቁ ዘመዶች ሰርጉን ያዘገዩት ይሆን ብዬ ከመጠየቅ በቀር ሌላ አልልም።

ኳንተም ቁርኝት የሚባለውን ግን ቁጭ ብለን ልናየው ይገባል፤ ምክንያቱም የተለያዩ ፍቅረኞች ከተማ ውስጥ ነን። አንዷ ፒያሳ፣ አንዱ ዋሽንግተን። «ትናንት ማታ ደረቴን ወጋኝ፤ አልቅሰሽ ነበር አይደል?» «እንዴት አወቅህ?» «ኳንተም ቁርኝት ነዋ!»

ሁለት ቅንጣቶች ተቆራኝተው ሲወለዱና ተራርቀው ሲለኩ ውጤታቸው ይገናዘባል፤ ቻይናዎች እ.ኤ.አ. በ2017 በሳተላይት 1,200 ኪሎ ሜትር በሚራራቁ ጣቢያዎች አሳይተውታል። አይንስታይን ይህን አልወደደውም ነበር። ጆን ቤል እ.ኤ.አ. በ1964 መፈተኛውን አበጀ፣ አላን አስፔ፣ ጆን ክላውዘርና አንቶን ሳይሊንገር በሙከራ አረጋግጠው የ2022ን የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ቁርኝቱ እውነት ነው። መልእክት ግን አይልክም። ፒያሳ ያለችው ቅንጣቷን ስትለካ የምታየው የዘፈቀደ ውጤት ነው፤ ዋሽንግተን ያለውም እንዲሁ። ሁለቱ ውጤቶች መገናዘባቸው የሚታወቀው ሁለቱ ተደዋውለው ሲያስተያዩ ብቻ ነው። ስለዚህ ቁርኝት አለን ብሎ ካርድ አለመሙላት አይቻልም። ያለ ስልክ ቁርኝቱ መኖሩን እንኳ የሚያውቅ የለም።

ከቁርኝት ሕጎች የምወደው ግን ሌላው ነው። ኮፍማን፣ ኩንዱና ዉተርስ የተባሉ ሦስት የፊዚክስ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2000 በሒሳብ ያስቀመጡት ሕግ አለ፤ የዘርፉ ሰዎች በግልጽ የአንድ ለአንድ ሕግ ብለው ይጠሩታል። አንድ ቅንጣት ከሌላው ጋር ሙሉ በሙሉ ከተቆራኘ ከሦስተኛ ጋር በጭራሽ ሊቆራኝ አይችልም። ለሦስተኛው የሚሰጠው ቁራጭ ሁሉ ከመጀመሪያው ይቀነሳል። ይህ ምክር አይደለም፣ ከሰባኪ የመጣም አይደለም፤ ከሒሳብ የወጣ ነው።

ቁርኝት የሚለውን ስም ለፊዚክስ ያወጣው ደግሞ ማን መሰላችሁ? ሽሮዲንገር፣ በዚያው በድመቷ ዓመት። እ.ኤ.አ. በ1925 የገና ሰሞን ሚስቱን ዙሪክ ትቶ አሮሳ ወደምትባል ተራራማ ከተማ ሄዶ ነበር፤ አብራው የነበረችው የቀድሞ የቪየና ወዳጁ ማን እንደሆነች የሕይወት ታሪኩን የጻፉት ሰዎች እንኳ አላገኙትም። ሲመለስ ስሙን የሚያስጠራውን የሞገድ እኩልታ መሥራት ጀምሮ ነበር። በኋላ ደብሊን ሲኖር ሚስቱ አኒ፣ የባልደረባው የአርቱር ማርች ሚስት ሂልደና ከእሷ የወለዳት ልጁ በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖሩ ነበር። የአንድ ለአንድ ሕግ እስኪወጣ ግን አልጠበቀም፤ እ.ኤ.አ. በ1961 ሞቷል። የማያስቅም ታሪክ አለው፤ በታዳጊ ልጃገረዶች ላይ የነበረው ድርጊት በአደባባይ ከተነሣ በኋላ የደብሊኑ ትሪኒቲ ኮሌጅ በስሙ ይጠራ የነበረውን አዳራሽ በ2022 ስም ለውጧል። በፍቅር ጉዳይ እሱን የሚጠቅስ ሰው ይህን ጨምሮ ቢጠቅስ ጥሩ ነው።

ወደ ልጃችን እንመለስ፤ ፒያሳ ወርቅ ቤት ገብቷል። «ዝም ብለን እንይ» ብለው ነው የገቡት። ባለሱቁ በአንድ ማያያዣ የተሰበሰቡ ባዶ የጣት መለኪያ ቀለበቶች አውጥቶ የልጅቷን ቀለበት ጣት ያዘ። አንዱ አንጓዋ ላይ ቆመ፤ ቀጣዩ ሄዶ ሄዶ ዞረ፤ ሦስተኛው ገጠመ። ጣቷ እስከዚያች ደቂቃ ቁጥር አልነበረውም፣ አሁን አለው፣ በብዕር ተጽፏል። ወርቁ ትንፋሽ እንኳ እንዳያንቀሳቅሰው በመስታወት የተከለለች ሚዛን ላይ ተቀመጠ። «ስንት ግራም ይሁንላችሁ?» አለ ባለሱቁ። ከዚያ ቀና ሳይል «ሰርጉስ ለመቼ ነው?» ልጁ በቴሌግራም ሦስት ወር ሙሉ ያልመለሰውን «ከፋሲካ በኋላ» ብሎ መለሰ። መለኪያ መሣሪያ ሥራው ይኸው ነው። ሳጥኑ ተከፈተ፣ ድመቷ በሕይወት አለች፣ የሚቀረው ቀብድ መክፈል ነው።

ሽማግሌ መላክም ልኬት ነው፤ ከላቦራቶሪው ግን ይለያል። የኳንተም መሣሪያ «አዎ» ወይም «የለም» ይላል። የልጅቷ አባት ግን «ዘመድ እንምከርበት፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ» የሚል ሦስተኛ ውጤት አለው፤ ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን እንደገና አድርገው ይወጣሉ። ይህን ውጤት የሚተነብይ እኩልታ እስካሁን አላየሁም።

ላልተሳካለት የሚሰጥ ማጽናኛም አለ። ሂዩ ኤቨረት እ.ኤ.አ. በ1957 ልኬት ሲደረግ ዓለም ወደ ሁሉም ውጤቶች ይከፈላል ብሎ ጻፈ። በአንዱ ዓለም ልጅቷ ማህሙድ ሙዚቃ ቤት በሰዓቷ መጥታለች፣ ልጆቻችሁ አድገዋል። ጽሑፉ በጊዜው ሰሚ አጣ፤ ኤቨረት ቀድሞውኑ ፊዚክስን ትቶ ፔንታጎን ገብቶ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1982 በ51 ዓመቱ ሞተ። ዛሬ ብዙዎች በቁም ነገር ይከራከሩበታል። ግን ከዚያኛው ዓለም ወደዚህኛው የሚመጣ ታክሲ የለም፤ እዚያ የበላችሁት የሰርግ ክትፎም እዚህ አያጠግብም። ስለዚህ ሽማግሌ የምትልኩ እዚህኛው ላይ ላኩ። በ23 ግን አይሁን፤ ጊዮርጊስ ደጅ መኪና ማቆሚያ አይገኝም።